ዶፓሚን፣ መስተፋቅር እና የነጠላ ጫፍ

ደብረ ማርቆስ ስሄድ የማርፈው እትዬ ቤት ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። እሳቸውና ባላቸው ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ጋሼ ማየት ካቆሙ 9 ዓመት ሆኗቸዋል። አካሄዳቸው እንዲህ ነው፦ እትዬ ግማሽ እርምጃ ቀደም ይላሉ፣ ጋሼ የእትዬን ነጠላ ጫፍ በሁለት ጣት ይይዛሉ። ክንድ መያዝ የለም፣ እጅ መያዝም የለም። ኮረኮንቹ ላይ ሲደርሱ እትዬ «ድንጋይ» ይላሉ፤ ጋሼ እግራቸውን ከፍ ያደርጋሉ። «ቦይ» ሲሏቸው ሰፋ አድርገው ይራመዳሉ። ሌላ ንግግር የለም። ከኋላ ሆኜ ባየኋቸው ቁጥር ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ይተናነቀኛል።

ባለፈው ጥር ቡና ላይ ተቀምጠን ይህንኑ አነሳሁ። የልጅ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ይማራል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ የተማረውን ለሰው ማካፈል ይወዳል። «ያ እኮ ኦክሲቶሲን ነው» አለ። «መጀመሪያ ዶፓሚን ነው፣ ሲቆይ ደግሞ ኦክሲቶሲን ይረከበዋል። ፍቅር የምንለው ነገር አንጎል ውስጥ የሚካሄድ ኬሚስትሪ ነው፣ አለቀ።»

እትዬ ቡናውን እየቀዱ ነበር። ጀበናውን ሳያስቀምጡ ቀና አሉ። «ያ ያልከው ነገር» አሉት፣ «የኔንና የአያትህን ስም ያውቀዋል?»

ልጁ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ይህን ጽሑፍ ያመጣው እሱ ነው።

ልጁ ያለው ነገር ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ከሱ ልጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዷቸው።) በ2005 አሜሪካ ውስጥ አንትሮፖሎጂስቷ ሄለን ፊሸር፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው አርተር አሮንና የአንጎል ተመራማሪዋ ሉሲ ብራውን ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አወጡ። 17 ሰዎች መረጡ፤ 10 ሴቶችና 7 ወንዶች። ሁሉም ፍቅር ከያዛቸው በአማካይ 7 ወር ገደማ የሆናቸው፣ በብርቱ ፍቅር የተነደፉ ሰዎች ናቸው። የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳይ ኤም አር አይ ማሽን ውስጥ አስተኟቸውና የሚወዱትን ሰው ፎቶ አሳዩአቸው። ከዚያ የሌላ የሚያውቁትን ሰው ፎቶ አሳዩአቸው። የፍቅረኛው ፎቶ ሲመጣ መሀል አንጎል አካባቢ ያለች ትንሽ ቦታ ሥራ በዛባት። ያች ቦታ የአንጎል ሕዋሶች መልእክት የሚለዋወጡበትን ኬሚካል፣ ዶፓሚንን፣ አምርተው ወደ ሌላው የአንጎል ክፍል የሚልኩ ሕዋሶች መኖሪያ ናት።

ዶፓሚንን ብዙ ሰው «የደስታ ኬሚካል» ይለዋል። ስሙ ያሳስታል። ዶፓሚን ከመርካት ይልቅ ለመፈለግ ይቀርባል። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባሉ ሳይንቲስት በጦጣዎች ላይ ያደረጉት ሙከራ ይህን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ጦጣዋ ያልጠበቀችውን ጭማቂ ስትቀምስ ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሶቿ ይነቃሉ። ከጭማቂው በፊት ሁልጊዜ መብራት ቢበራላትና ይህን ብትለምድ ግን ነገሩ ይቀየራል። ሕዋሶቹ መብራቱ ሲበራ ይነቃሉ፣ ጭማቂው ሲመጣ ዝም ይላሉ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ከወትሮው በታች ይወርዳሉ።

ፍቅር የያዘው ሰው ይህን ለማወቅ ላብራቶሪ አያስፈልገውም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ አስቀምጦታል። ንዝረት ይሰማል። ማን እንደላከው ገና ሳያይ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ብድግ ይላል። አንስቶ ያያል፤ የማስታወቂያ መልእክት ነው። ብድግ ያለው ነገር ከነበረበትም ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። መብራቱ በራ፣ ጭማቂው ቀረ።

ከዶፓሚን ቀጥሎ ሌላው የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል፣ ሴሮቶኒን፣ ይነሳል። በ1999 ጣሊያን ፒሳ ውስጥ ዶናቴላ ማራዚቲና ባልደረቦቿ ሦስት ቡድን አነጻጸሩ። 20ዎቹ ፍቅር በቅርቡ የያዛቸው ናቸው። 20ዎቹ «በሩን ቆልፌያለሁ ወይስ አልቆለፍኩም» ዓይነት ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያሰቃያቸው ሕመምተኞች ናቸው። 20ዎቹ ደግሞ ሁለቱም የሌለባቸው ናቸው። የሁሉንም ደም ወስደው ሴሮቶኒንን የሚያመላልሰውን ፕሮቲን ለኩ። በፍቅረኞቹም በሕመምተኞቹም ደም ውስጥ ከሌሎቹ አንሶ ተገኘ። ከ12 እስከ 18 ወር ቆይተው ከፍቅረኞቹ የተወሰኑትን ደግመው ሲለኩ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። የተለካው ደም እንጂ አንጎል አይደለም፣ ሰዎቹም ጥቂት ናቸው። ብዙ ሊጫንበት አይገባም። ቢሆንም የኛ አገር ሰው «በፍቅር ተለከፈ» ሲል ያየው ነገር ነበረው። ልክፍት የሚለው ቃል ዝም ብሎ አልመጣም።

አሁን የልጁ ኦክሲቶሲን። ይህን ኬሚካል የጎጃም አዋላጅ ነርሶች በደንብ ያውቁታል። ጤና ጣቢያ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። እናት እንደተገላገለች ብዙ ደም እንዳይፈስሳት 10 ዩኒት ጡንቻዋ ላይ ትወጋለች፤ ማህፀኗ ይኮማተራል። ጡት ስታጠባም ወተቱ እንዲወርድ የሚያደርገው እሱ ነው። የእናቶችን ነፍስ የሚያተርፍ መድኃኒት ነው፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ሊከበር ይገባዋል።

ከፍቅር ጋር ስሙን ያገናኘችው ግን አንዲት የሜዳ አይጥ ናት። ፕሬሪ ቮል ትባላለች፤ ሰሜን አሜሪካ የሣር ሜዳ ላይ ትኖራለች። ከአጥቢ እንስሳት ብዙዎቹ ተገናኝተው ይለያያሉ። ይህች ግን ተጣምራ ትኖራለች፤ ወንዱም ልጆች ያሳድጋል። ሳይንቲስቶች ምሥጢሩን ሲፈልጉ ኦክሲቶሲንና ዘመዱ ቫሶፕረሲን ላይ ደረሱ። ኦክሲቶሲን የሚያርፍባቸውን መቀበያዎች በመድኃኒት ሲዘጉባት ሴቷ መጣመር ተወች። አንጎሏ ውስጥ ሲጨምሩላት ደግሞ ገና ሳትገናኘው አጠገቧ ካለው ወንድ ጋር ተጣበቀች። ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ «የፍቅር ሆርሞን» የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ተለጠፈበት።

በ2023 ግን ካሊፎርኒያ ያሉ ተመራማሪዎች ያልተጠበቀ ነገር ይዘው መጡ። የኦክሲቶሲን መቀበያ ከነጭራሹ እንዳይኖራቸው ጂናቸው የተስተካከለ ቮሎች አሳደጉ። እነዚህ አይጦች እንደሌሎቹ ተጣመሩ። ወለዱም። ምናልባት ሲያድጉ ሌላ ነገር ክፍተቱን ሸፍኖላቸው ይሆናል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ አንዲት ትንሽ አይጥ እንኳ ፍቅሯን በአንድ ቁልፍ አልቆለፈችውም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነግሬው ነበር። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት። «ያች ወልዳ የተወጋች እናት አዋላጇን ታፈቅራለች?»

«አታፈቅርም። ኦክሲቶሲን ከደም ወደ አንጎል እንደልቡ አያልፍም» አለኝ። ትክክል ነው።

«እሺ፣ ቢያልፍስ? ማንን ትወዳለች?»

አሰበ። «አጠገቧ ያለውን» አለ ቀስ ብሎ።

እዚህ ላይ የእትዬ ጥያቄ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር ገባኝ። ኬሚካሉ ስም አያውቅም። አጠገቡ ያለውን ነው የሚያውቀው።

ነገሩን ላፍታታው። ዶፓሚን የሚልከው ያ የአንጎል ክፍል የሚወዱት ሰው ፎቶ ሲታይ ብቻ አይደለም የሚነቃው። ርቦት ምግብ ላየ ሰው ይነቃል። ገንዘብ ሲያሸንፍ ይነቃል። ኮኬይን ሲወስድም ይነቃል። ሰውነትን ለሚያንቀጠቅጠው ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጡ፣ የዶፓሚንን ሥራ የሚሠሩ መድኃኒቶች አሉ፤ አንዳንድ ታካሚ ላይ የቁማር ሱስ እንደሚያስነሱ ሐኪሞች ያውቃሉ። መድኃኒቱ ፍላጎቱን ያቀጣጥላል። ፍላጎቱ የማን፣ የምን እንደሆነ አይነግርም። ስለዚህ ማሽኑ ላይ መብራት አይቶ «ይኸውላችሁ ፍቅር» ማለት ጭስ አይቶ «እዚህ ቤት ዶሮ ወጥ እየተሠራ ነው» እንደማለት ነው። እሳት እንዳለ እርግጥ ነው። ድስቱ ውስጥ ያለው ግን በጭሱ አይታወቅም።

ድልድይ ላይ የተሠራ አንድ ጥናትም አለ፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። በ1974 ዶናልድ ደተንና ያው አርተር አሮን ካናዳ ቫንኩቨር አጠገብ ካፒላኖ ወንዝ ላይ ሄዱ። እዚያ በ70 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጠለጠለ የሚወዛወዝ የእግረኛ ድልድይ አለ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴውን ለማየት በተንጠልጣዩ ድልድይ የተሻገረ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ከሥር ገደል ነው፤ አንዱ ሲራመድ የሌላው ጉልበት ይንቀጠቀጣል። አንዲት ቆንጆ ወጣት ወንዶቹን ድልድዩ ላይ አግኝታ መጠይቅ ታስሞላቸዋለች። ሲጨርሱ «ስለ ጥናቱ ማወቅ ከፈለግህ ደውልልኝ» ብላ ስልኳን ትሰጣለች። ዝቅ ያለና የማይነቃነቅ ሌላ ድልድይ ላይም እንዲሁ ታደርጋለች። ከሚወዛወዘው ድልድይ ስልኳን ከወሰዱት 18 ሰዎች 9ኙ ደወሉ። ከጠንካራው ድልድይ ከወሰዱት 16 ሰዎች 2 ብቻ ደወሉ።

ተመራማሪዎቹ እንዲህ ተረጎሙት። ልብ የመታው በገደሉ ነው። ሰውየው ግን «ልቤን ያስመታችው እሷ ናት» ብሎ ወሰደው። ፍርሃትም ሆነ ደስታ፣ ናፍቆትም ሆነ ንዴት፣ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ያው አድሬናሊን ነው። መዳፍ ያልበዋል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። «ይህ ስለ ማን ነው?» ለሚለው መልሱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ካየነው፣ ከሰማነው፣ ካሳለፍነው።

መልሱ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ኬሚካል አይሳሳትም። ይበዛል፣ ያንሳል፣ አለ ወይም የለም። ፍቅር ግን ይሳሳታል። ሰው «ወደድኳት ብዬ ነበር፣ ለካ የወደድኩት በሐሳቤ የሠራኋትን ሴት ነው» ይላል። «እወደዋለሁ ብዬ አላውቅም ነበር፣ ሲሄድ ነው ያወቅሁት» የምትልም አለች። ትክክልና ስህተት ሊሆን የሚችል ነገር ስለ አንድ ነገር የሚናገር ነገር ነው። የሚናገርን ነገር በግራም ብቻ መዝኖ መጨረስ አይቻልም።

ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ክርክር በሌላ መልክ ያውቀዋል። መስተፋቅርን ሳይሰማ ያደገ ማን አለ? እገሌ ደብተራ ቀምሞ ሰጠው፣ በጠላ አጠጣት፣ በቡና አቀመሳት ይባላል። ይሠራል አይሠራም የሚለውን እንተወው። ይሠራል ብለን እንቁጠር። አንድ ሰው የሚወዳት ሴት አለች፣ እሷ ዞር ብላ አላየችውም። መስተፋቅሩን አጠጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲመጣ ፊቷ ይበራል፣ ሲሄድ ይከፋታል፣ እንቅልፍ የላትም። ማሽን ውስጥ ብናስተኛት ያ ቦታ ይነቃል። ሁሉም ነገር ተሟልቷል።

ሰውየው ደስ ይለዋል? መጀመሪያ ቀን ምናልባት። አንድ ሌሊት ግን አጠገቡ ተኝታ እያያት «እኔን ነው ወይስ ጽዋውን?» ማለቱ አይቀርም። ሰፈርተኛው ሲሰማ የሚለውም ይታወቃል። «ወዳው አይደለም፣ በመድኃኒት ነው።» ይህ አንድ አረፍተ ነገር ሙሉ መልስ ነው። ፍቅር ኬሚካሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ በመስተፋቅር የመጣው ፍቅር ምንም አይጎድለውም ነበር። እንደውም ንጹሑ እሱ ነበር። ሁላችንም ግን የጎደለ ነገር እንዳለ እናውቃለን። ፍቅሯ በሱ በኩል አልመጣም። በሳቁ፣ እናቷን ሰላም ባለበት አኳኋን፣ በተናገረው ወይም ዝም ባለበት በኩል አልመጣም። በጎን ነው የገባው። (ዛሬ በኢንተርኔት በአፍንጫ የሚነፋ ኦክሲቶሲን ይሸጣል። ሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ውጤታቸው አንዱ ከሌላው አልገጥም ብሎ አስቸግሯል። ገንዘባችሁን አታውጡ።)

«እንግዲያው ፍቅር ምክንያት ነው፤ መልኳ፣ ጸባይዋ፣ ሞያዋ» የሚል ይኖራል። እሱም አይበቃም። ምክንያት ብቻ ቢሆን ከሷ የምትበልጥ ስትመጣ መቀየር ግድ ይሆን ነበር። የሚያፈቅር ሰው እንዲህ አያሰላም። በመልኳ ጀምሮ ይሆናል። እያደር ግን የሚወደው እሷኑ ነው፤ አብሯት ክረምት ያሳለፈውን፣ ልጃቸው ታሞ ሌሊቱን አብሯት የቆመውን። ያንን ማንም ቆንጆ ይዛ ልትመጣ አትችልም።

ታዲያ ፍቅር ከኬሚካሉ ሌላ ተጨማሪ ነገር ነው ማለቴ ነው? አንጎል ውስጥ ቢፈለግ ዶፓሚኑ አጠገብ የተቀመጠ ሌላ ፈሳሽ? አይደለም። ይህን ለማስረዳት ከቅኔ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ደግሞም የቅኔ ቤቶቹን ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን ባፈራ አገር ስለዚህ ጉዳይ እየጻፉ ቅኔን መዝለል ነውር ነው።

የጉባኤ ቤቱ ቅኔ በግእዝ ነው፣ ጥልቅ ነው፤ እኔ አልደርስበትም። ለምሳሌ ያህል ብቻ በአማርኛ ሁለት ስንኝ ልቋጥር።

ወዳጅ ሲመክረኝ አባይን አምኜ፣
ከማዶ ቀረሁ ብቻዬን ሆኜ።

ሰሙ ግልጽ ነው። ሰዎች «ክረምት ነው፣ ወንዙ ይሞላል» እያሉት አባይን አምኖ ተሻገረ፤ መመለሻ አጥቶ ከማዶ ቀረ። ወርቁ ሌላ ነው። አባይ ማለት ውሸታምም ነው። ሰዎች እየመከሩት አባይዋን አመነ፤ ብቻውን ቀረ። አሁን ፊደሎቹን ቁጠሯቸው። ወርቁን የያዘ ተጨማሪ ፊደል አለ? የለም። ድምፁ አንድ ነው፣ ቀለሙ አንድ ነው። ወርቁ ሰሙ ላይ የተደረበ ሌላ ቃል አይደለም። ሰሙን ብታጠፉት ወርቁም አብሮ ይጠፋል፤ አንዲት ፊደል ብትቀይሩ ወርቁ ይበላሻል። ሆኖም «ይህ ስንኝ ስለ ወንዝ ብቻ ነው» ያለ ሰው ስንኙ አልገባውም። ፊደሉን በትክክል አንብቦ፣ ያለውን ነገር አልሰማም።

ፍቅርና ኬሚስትሪ ለኔ እንደዚህ ናቸው። ዶፓሚኑ፣ ኦክሲቶሲኑ፣ የሕዋሶቹ ንግግር ፍቅሩ የተጻፈበት ፊደል ነው። ያለሱ ፍቅር የለም። አንጎሉ የተጎዳ ሰው ፍቅሩ ሲቀየር አይተናል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ፊደሉን መዘርዘር የተጻፈውን ማንበብ አይደለም። ልጁ «ኬሚስትሪ ነው» ሲል ልክ ነበር። የተሳሳተው «አለቀ» ሲል ነው።

ፊደሉና ትርጉሙ እንዴት እንደተቆራኙ በግልጽ የሚታይበት አንድ ሕመም አለ። ጃፓኖች በ1990 ለመጀመሪያ ጊዜ ስም አወጡለት፤ ታኮትሱቦ። ኦክቶፐስ የሚያጠምዱበት አፈ ጠባብ እንስራ ስም ነው፤ የታመመው ልብ በምርመራ ሲታይ ቅርጹ ያንን ስለሚመስል ነው። አንድ ሰው ከባድ መርዶ ይሰማል። ጭንቀት ያመጣው የሆርሞን ጎርፍ ልቡን ይመታዋል። የግራው የልብ ክፍል ጫፉ አልኮማተር ብሎ ይነፋል። ደረቱን ይወጋዋል፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ የልብ ደም ሥር በድንገት የተዘጋበት ይመስላል፣ ደም ሥሮቹ ግን አልተዘጉም። በብዛት የሚያጠቃው ያረጡ ሴቶችን ነው። አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ፤ የማይድኑም አሉ።

ምን ገባ ሰውነቷ ውስጥ? ምንም አልተወጋችም፣ አልጠጣችም። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ሁለት ቃል ተናገረ። በማታውቀው ቋንቋ ቢናገረው ኖሮ ያ ድምፅ ልቧን አይነካውም ነበር። የማታውቀው ሰው ስም ቢሆን ኖሮ «ነፍስ ይማር» ብላ ሥራዋን ትቀጥል ነበር። ሆርሞኑን የቀሰቀሰው ትርጉሙ ነው፤ የዚያ ሰው ስም ነው። ኬሚስትሪው ፍቅርን እንደሚሠራው ሁሉ ፍቅርም ኬሚስትሪውን ያዝዘዋል።

ነፍስስ? የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጎጃም ውስጥማ በእርግጥ ይኖራል። እስካሁን ያልኩት ነፍስ አለች ብሎ አያረጋግጥም፣ የለችም ብሎም አያረጋግጥም። በእነዚህ ጥናቶች ኤም አር አይ የሚለካው ከደም ፍሰት ጋር የሚሄድ ለውጥን ነው። ስለ ነፍስ የሚነግረን ነገር የለውም፣ ልንጠይቀውም አይገባም።

ይህ ሁሉ የፈላስፋ ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ አይደለም። ወጣቶች «ስሜቱ ጠፋ» ብለው ሲለያዩ አያለሁ። ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። ስልኩ ሲነዝር ደረቱ ብድግ አይልም። ኢንተርኔት ላይ «ዶፓሚን ሲያልቅ ፍቅር ያልቃል» የሚል አንብበዋል። ያ የመጀመሪያው ልክፍት መርገቡ እውነት ነው፤ ጦጣዋም ጭማቂውን ለምዳዋለች። ግን ቢያንካ አሴቬዶ ከነ አሮንና ፊሸር ጋር ሆና በ2012 ያወጣችው ጥናት አለ። በአማካይ 21 ዓመት በትዳር ቆይተው «አሁንም እወደዋለሁ» የሚሉ 17 ሰዎችን ያው ማሽን ውስጥ አስገቡ። ያች የዶፓሚን ቦታ አሁንም ትነቃለች። ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ትዳር ሁሉ እንደነሱ ነው ማለትም አይደለም። ግን «ያልቃል» የሚለው ሕግ አይደለም።

እትዬ ደግሞ በልክፍት እንኳ አልጀመሩም። ሳይጠየቁ ነው የተዳሩት፤ ያኔ ጎጃም ውስጥ ሴት ልጅን ማን ይጠይቅ ነበር። ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። ስንቷ ሕፃን እንደተሰበረችበት እናውቃለን፤ እሳቸውም ለልጆቻቸው አልፈቀዱትም። «መቼ ወደድሽው?» ብዬ አንዴ ጠይቄያቸው ነበር። ብዙ አሰቡ። «ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ጤና ጣቢያ የለ፣ ሌሊት ዝናብ እየዘነበ አዋላጅ ሊጠራ ሄደ። ሲመለስ ጭቃ ነው፤ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ያን ለት ይመስለኛል» አሉኝ።

ሌላም አለ፣ የሚከብደው። «ፍቅር አሳብዶኝ ነው» ተብሎ ሴት ልጅ የተጠለፈችበት አገር ነው። ዛሬ ደግሞ ሰበቡን በሳይንስ ማሳመር ቀላል ነው፤ ሆርሞን ነው፣ አንጎሌ ነው ይባላል። ኬሚስትሪው የሚያስረዳው የፍላጎቱን ብርታት ነው። ፈቃድ አይሰጥም። እሷን ሳይጠይቅ የወሰዳት ሰው እሷን አልወደደም፤ የራሱን ጥም ነው ያረካው። አጠገቡ ያለውን ብቻ የሚያውቅ ነገር ይሏል ይህ ነው።

የመጨረሻ ቀኔ ለት እትዬን ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ጋሼን ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳቸው ልጁ ሆነ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ልጁ ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል ቀስ ብለው አስለቀቁት፤ በጣታቸው ፈልገው የጃኬቱን ጫፍ ያዙ። ኮረኮንቹ ጋ ሲደርሱ ልጁ «ድንጋይ» አለ። በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው ሰዓት ነው ያለው። ጋሼ ቆሙ።

«ምነው አያቴ?»

«እሷ ስትለው እግሬ ያውቀዋል» አሉ። «ያንተን ገና አለመደውም።»

ልጁ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዶ፣ እንዲሰሙት ድንጋዩን በጫማው ነካ ነካ አደረገው።